ዲዶና ቦዶኒን ለርዕስ ስትመርጡ መጀመሪያ ቀጭኗን መስመር ለኩ

አንድ የተበላሸ ገጽ እስካሁን አስቀምጫለሁ። በሁለት ቋንቋ ለሚወጣ መጽሔት የሠራሁት ነው። ገጹ ከዳር እስከ ዳር የምሽት ፎቶ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ። ከላይ ትልቅ የእንግሊዝኛ ርዕስ፣ ከሥሩ አራት መስመር የመግቢያ ጽሑፍ። ሁለቱም በነጭ፣ ሁለቱም ዲዶ በሚባለው፣ ወፍራም እግርና ፀጉር የሚያህል ቀጭን መስመር ባለው ፎንት። ስክሪን ላይ ሳየው ልቤ ሞላ።

ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ርዕሱ እንዳማረበት ነበር። መግቢያው ግን የዱላ ሰልፍ ሆኗል። የትንሿ «ኤን» ሁለት እግሮች የሚገናኙበት ቅስት ጠፍቶ ሁለት ቋሚ እንጨት ሆና ቀርታለች። ትንሿ «ኢ» መሐሏን የምታቋርጠው መስመር ስለጠፋ «ሲ» ሆና ትነበባለች። ጽሑፉን የጻፈችው ልጅ ገጹን ወደ መብራት ጠጋ አድርጋ አየችና «ጽሑፌ የት ሄደ?» አለችኝ።

ማተሚያ ቤቱ ምንም አላጠፋም። ያላየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ፎንት ስይዝ የመጀመሪያ ሥራዬ ቀጭኗን መስመር መለካት ነው። ውበቱ ላይ የምደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ኮንትራስት ሲባል

እዚህ ላይ ኮንትራስት ስል የቀለም ነገር አይደለም። በአንዲት ፊደል ውስጥ ወፍራሙ መስመር ከቀጭኑ ስንት እጥፍ ይበልጣል ነው ጥያቄው። እንደ ሄልቬቲካ ባለ ፎንት ሁለቱ ለዓይን እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በመጽሐፍ ፎንቶች ልዩነቱ ይታያል፤ ግን ልከኛ ነው። ቦዶኒን ለርዕስ በተሣለበት ቅርጹ ስታዩት ወፍራሙ እግር የቀጭኑን ስምንትና አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሰሪፏም፣ ማለትም እግሩ የሚያርፍባት ትንሿ አግዳሚ፣ ያለ አንዳች ደጋፊ ቀጥ ብላ የምትወጣ እንደ ምላጭ የሳሳች መስመር ናት።

ቅርጹ የመጣው ከብዕር ነው። በመቃ ብዕር የጻፈ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል። የብዕሩ አፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ ባትጫኑትም ቁልቁል ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። ሹል ብዕር ጠባዩ ሌላ ነው። ቁልቁል ስትጫኑት አፉ ይከፈትና መስመሩ ይሰፋል፤ እጃችሁን ቀለል ስታደርጉለት ወዲያው ከፀጉር ይቀጥናል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፊደል ቀራጮች ያንን የእጅ ጫና ወደ ብረት አመጡት።

ብዕሩ ብቻውን ግን አልበቃም፤ ወረቀትም ያስፈልግ ነበር። ጆን ባስከርቪል በርሚንግሃም ውስጥ የቨርጂልን ግጥሞች እ.ኤ.አ. በ1757 ሲያትም ለስላሳ ወረቀትና ጠቆር ያለ ቀለም ተጠቀመ። የታተመውንም ገጽ በጋሉ የመዳብ ሳህኖች መካከል ይጫነው ነበር። መስመሮቹ ሊቀጥኑ የቻሉት ወረቀቱ ስለተሸከማቸው ነው። ከእሱ በኋላ ፊርማን ዲዶ በፓሪስ፣ ጃምባቲስታ ቦዶኒ በፓርማ ነገሩን እስከ ጥግ ወሰዱት። ቦዶኒ በ1813 አረፈ። የዕድሜ ልክ ሥራውን የያዘውን ባለ ሁለት ቅጽ የፊደል መጽሐፍ በ1818 ለኅትመት ያበቃችው ባለቤቱ ማርጌሪታ ዳላሊዮ ናት። ያንን መጽሐፍ ባሰብኩ ቁጥር እሷን አመሰግናለሁ። ዛሬ የዚህ ቤተሰብ ፎንቶች «ዲዶን» የሚባሉት የዲዶና የቦዶኒ ስም ተገጣጥሞ ነው።

ባስከርቪልን ያነሳሁት ያው ነገር ዛሬም ስለሚሠራ ነው። ቀጭኗን መስመር ወይ ወረቀቱ ይሸከማታል፣ ወይ ስክሪኑ። አለዚያ ትጠፋለች።

እንዴት ትለካላችሁ?

ትንሿን «ኢ» በ100 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ጻፉ። ወደ አውትላይን፣ ማለትም ወደ ተራ ሥዕል፣ ቀይሯት። መሐሏን የምታቋርጠው መስመር ላይ ልክ የምትገጥም ትንሽ አራት ማዕዘን ሣሉና ከፍታዋን አንብቡ። 1.2 ፖይንት ሆነች እንበል። በ100 ስታካፍሉት 0.012 ይመጣል። የፎንቱ ቁጥር ይህ ነው። ወረቀት ላይ ጻፉትና አጠገባችሁ አስቀምጡት።

ከዚያ ማባዛት ብቻ ነው። በ72 ፖይንት ርዕስ ላይ መስመሯ 0.86 ፖይንት ትሆናለች። ችግር የለም። በ14 ፖይንት ግን 0.17 ነች። የእኔን መግቢያ የበላው ይህ ቁጥር ነው።

እኔ የምሠራበት ልክ ይህ ነው፦ በሚያብረቀርቅ ጥሩ ወረቀት ላይ፣ ጥቁር በነጭ ከሆነ፣ መስመሯ ከ0.25 ፖይንት አታንስም። በጠቆረ መደብ ላይ ነጭ ከሆነች ደግሞ ከ0.5 አታንስም። በዚህ ስሌት ከላይ ያለው ፎንት በጥቁር ከ21 ፖይንት በታች አይወርድም፣ በነጭ ከ42 በታች አይወርድም። አንዳንዱ ማተሚያ ቤት የራሱ ልክ አለው። ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ነጭ ለምን ይብሳል? ነጭ ቀለም እኮ አይታተምም። የሚታተመው ዙሪያው ነው፤ ነጩ ያልተነካው ወረቀት ነው። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ወደ ነጩ መስመር ይገባል። መደቡ በአራት ቀለም የተሠራ ፎቶ ከሆነ ደግሞ አራት የማተሚያ ሳህኖች፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ፣ አንድ ቦታ ላይ በትክክል መገጣጠም አለባቸው። አንዱ ቅንጣት ያህል ከተንሸራተተ ቀጭኗ መስመር ተዘጋች። ስለዚህ በነጭ የግድ መጻፍ ካለባችሁ መደቡን ጥቁር ብቻ፣ በአንድ ሳህን የሚታተም አድርጉት። ወይ ፎንቱን ቀይሩ።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ርዕሱን ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ስታደርጉት በተለመደው የኦፍሴት ኅትመት ቀለሙ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይከፋፈላል። ወፍራሙ እግር ነጠብጣቡን ይችለዋል። ቀጭኗ መስመር ግን የነጠብጣብ ሰልፍ ትሆናለች፤ ጠርዟም ይሰበራል። ዲዶንን በድፍን ቀለም ጻፉት።

በስክሪን ላይ ስሌቱ ያው ነው፤ በፖይንት ፋንታ ፒክስል አስገቡ። በ40 ፒክስል ርዕስ ላይ መስመሯ 0.48 ፒክስል ነች። ግማሽ ፒክስል የሚባል ነገር የለም። ስክሪኑ አንድ ሙሉ ፒክስል ይወስድና ግራጫ ያደርገዋል። ወፍራሙ እግር ጥቁር፣ ቀጭኗ መስመር ግራጫ፤ ፊደሏ የተከፋፈለች ትመስላለች። እጥፍ ጥራት ባላቸው ስልኮች ላይ ይሻላል፣ ግን ሁሉም አንባቢ እንዲህ ያለ ስልክ የለውም። አንዱን አሮጌ ስክሪን ከቢሮው ጥግ አውጡና በእሱ ላይ እዩት።

ኦፕቲካል ሳይዝ፦ አንድ ስም፣ ብዙ ሥዕል

ፊደል ከብረት በሚቀረጽበት ዘመን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። እያንዳንዱ መጠን ለብቻው ይቀረጽ ነበርና ቀራጩ ለትንሹ መጠን ቀጭኗን መስመር ወፈር፣ ፊደሏን ሰፋ ያደርጋታል። ኮምፒውተር ሲመጣ አንዱን ሥዕል ለሁሉም መጠን መለጠጥ ተለመደ። ለ72 ፖይንት የተሣለው በ9 ፖይንት ላይ ዋለ። ዓይን የሚያጭበረብር ብዙ ጽሑፍ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህን በደንብ የገባቸው ሰዎች ግን ነበሩ። የፎንት ሠሪው ጆናታን ሄፍለር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሃርፐርስ ባዛር መጽሔት የዲዶ ፎንት ሲሠራ በሰባት መጠን ሣለው፦ 6፣ 11፣ 16፣ 24፣ 42፣ 64 እና 96። መጽሔቱን እንደ አዲስ ይቀርጸው የነበረው ፋቢየን ባሮን ነው። ቀጭኗ መስመር በትንሹም በትልቁም ርዕስ ላይ እኩል ቀጭን ሆና እንድትታይ ነው ሰባት ጊዜ የተደከመው። በ1994 የወጣው አይቲሲ ቦዶኒም እንዲሁ በሦስት መጠን ተሣለ፦ 6፣ 12 እና 72።

ዛሬ ይህ ዕድል በነፃ አለ። ቦዶኒ ሞዳ የሚባለው ፎንት ከ6 እስከ 96 የሚሄድ የኦፕቲካል ሳይዝ ዘንግ፣ ማለትም ሥዕሉን እንደ ፊደሉ መጠን የሚቀይር ማስተካከያ፣ አለው። ፕሌይፌርም አለው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ «ፕሌይፌር» እና «ፕሌይፌር ዲስፕሌይ» ሁለት የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ለርዕስ ብቻ የተሣለ የቀድሞው ነው፤ የኦፕቲካል ሳይዝ ዘንግ የለውም። ብዙ ድረ ገጽ ላይ ሰው ሙሉ ጽሑፉን በፕሌይፌር ዲስፕሌይ ሲጽፍ አያለሁ። ስሙ ላይ «ዲስፕሌይ» ተብሎ እየተነገረን ለምን አንሰማም?

ዘንጉ አለ ማለት እየሠራ ነው ማለት አይደለም። ከጉግል ፎንትስ ሊንኩን ስትወስዱ የኦፕቲካል ሳይዝ ዘንግ መካተቱን እዩ። ካልተካተተ የሚመጣላችሁ አንድ ቋሚ ሥዕል ነው፤ ርዕሱም የትንሽ ጽሑፍ ቅርጽ ይዞ ድብን ያለ ይሆናል። ከተካተተ ብራውዘሩ እንደ መጠኑ ራሱ ያስተካክለዋል። እንደ ኢንዲዛይንና ፊግማ ባሉ የዲዛይን ፕሮግራሞች ደግሞ ተንሸራታቹን ራሳችሁ ከፍታችሁ ቁጥሩን አረጋግጡ። የ72 ፖይንት ርዕስ ላይ 11 የሚል ካያችሁ ዲዶንን ገና አላያችሁትም።

አደገኛው ቦታ መሐሉ ነው

ርዕሱ ትልቅ ነው፤ ራሱን ይችላል። ዋናውን ጽሑፍም በዲዶን የሚያስብ ብዙ ሰው የለም። የሚያጠምደን መሐሉ ነው፦ ከ14 እስከ 24 ፖይንት ያለው። የመግቢያ ጽሑፍ፣ ንዑስ ርዕስ፣ ከጽሑፉ ተቀንጭቦ ጎላ የሚደረግ ጥቅስ፣ የጸሐፊው ስም። ርዕሱ በዲዶን ሲያምር እጃችሁ ሳታስቡት እነዚህንም ወደዚያ ይጎትታቸዋል። እዚያ ላይ ወይ የዚያኑ ፎንት የትንሽ መጠን ቅርጽ ተጠቀሙ፣ ወይ ወደ ዋናው ጽሑፍ ፎንት ተሻገሩ።

ለዋናው ጽሑፍ ረጋ ያለ ነገር ምረጡ። እንደ ሶርስ ሰሪፍ ያለ ልከኛ ኮንትራስት ያለው፣ ወይም ኮንትራስት የሌለው ሳንስ፣ ማለትም ሰሪፍ አልባ ፎንት። ሁለተኛ ጯሂ ፎንት ገጹ ላይ አታስገቡ። ርዕሱ 72፣ ጽሑፉ 10 ከሆነ መሐሉ ላይ ያለው ክፍተት ራሱ ያምራል።

ከግዕዝ ፊደል ጎን ሲቆም ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት የለውም፤ ከላቲኑ ትናንሽ ፊደላት ጎን በእኩል ፖይንት ስታቆሙት ገዝፎ ይታያል። በዓይናችሁ እያያችሁ ዝቅ አድርጉት። ቀጭኑን ከቀጭኑ ለማመሳሰል አትድከሙ፤ የዲዶን መቅጠን የሹል ብዕር ነው፣ የእኛው የመቃ ነው። ወፍራሙን እግር ከወፍራሙ እግር ጋር አስተካክሉ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ውፍረቱ በተንሸራታች ስለሚስተካከል ለዚህ ይመቻል። የሁለቱ ቋንቋ ርዕስ ከሩቅ ሲታይ እኩል የጠቆረ ከሆነ ይበቃል።

ፊደል ማቀራረብ፦ አራት ፊደል በቅርበት

በዚህ ሥራ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ከርኒንግን፣ ማለትም በሁለት ፊደላት መካከል ያለውን ርቀት ማስተካከልን፣ በሌላ ፎንት ላይ መዝለል ይቻል ይሆናል፤ በዲዶን ግን ስህተቱ ከመንገድ ማዶ ይታያል።

እንግሊዝኛው «ዌቭ» የሚለውን ቃል በትልልቁ ፊደል ጻፉት፦ ደብልዩ፣ ኤ፣ ቪ፣ ኢ። ደብልዩ በቀጭን መስመር ያልቃል። ኤ በቀጭን ይጀምራል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ተዘንብለው ይቆማሉ። ለዓይን ባዶ ነው፤ ቀዳዳ ይመስላል። ቀጥሎ ደግሞ የኤ ቀኝ እግር ወፍራም ነው፣ የቪ ግራ እግርም ወፍራም። ሁለት ወፋፍራም መስመሮች ተደግፈው ሲቆሙ እዚያ ቦታ ላይ ገጹ ይጠቁራል። ርቀቱን በማስመሪያ ብትለኩት እኩል ነው። ዓይን ግን አንዱን ሰፊ፣ ሌላውን ጠባብ ይለዋል።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። ደብልዩንና ኤን ጠጋ አደርጋለሁ፤ ቀጫጭኖቹ እንዳይነካኩ ብቻ እጠነቀቃለሁ። ኤንና ቪን ትንሽ ከፈት አደርጋለሁ። ከዚያ የቪ ቀጭን ክንድና የኢ ወፍራም እግር ይቀራሉ። ከቪ ሥር ሦስት ማዕዘን ባዶ ቦታ ስላለ ኢን ወደ እሷ አስጠጋለሁ፤ የኢ ሰሪፍ የቪን ጫፍ ልትነካ ስትል አቆማለሁ። ከዚያ ቃሉን ገልብጬ አያለሁ። ሲገለበጥ ማንበብ ይቀርና ጥቁርና ነጭ ብቻ ይታያል፤ ቀዳዳው ካለ ወዲያው ይወጣል።

ይህን ሁሉ በመጨረሻው መጠን ላይ አድርጉት። በ30 ፖይንት አስተካክላችሁ ወደ 90 ብታሳድጉት ሥራው ሁለት ይሆናል። ፕሮግራሙ «ኦፕቲካል» የሚለው አውቶማቲክ ከርኒንግ በዲዶን ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳትብኝ የፎንቱን የራሱን ከርኒንግ ይዤ የቀረውን በእጄ እጨርሳለሁ።

ጠቅላላ ርቀቱንም ለትልቅ ርዕስ ትንሽ ጠበብ አድርጉት፤ በኢንዲዛይን ከአሥር እስከ ሃያ ቅናሽ ይበቃል። ዲዶን የቋሚ እግሮች ምት ነው። በፊደሏ ውስጥ ያለው ነጭና በፊደላት መካከል ያለው ነጭ ሲቀራረቡ ምቱ ይስተካከላል። የመስመር ርቀት ለርዕስ ከፊደሉ መጠን ጋር እኩል ወይም ትንሽ በልጦ ይሁን። የላይኛው መስመር ወደ ታች የሚወርድ ጅራት ከታችኛው መስመር ጋር ከተገናኘ ወይ አለያዩአቸው፣ ወይ በደንብ ይደራረቡ። ለጥቂት መነካካት ስህተት ይመስላል።

የማይነኩ ነገሮች

ፎንቱ ቦልድ ከሌለው ፕሮግራሙ ቦልድ እንዲሠራለት አትፍቀዱ። ፕሮግራሙ በሁሉም መስመር ላይ እኩል ውፍረት ይጨምራል፤ ቀጭኗ ትወፍርና ኮንትራስቱ ይሞታል። ጎትቶ ማስረዘምም ያው ነው። ወደ ላይ ስትጎትቱት አግዳሚዎቹ ቀጫጭኖች ይወፍራሉ፣ ወፍራሞቹ እግሮች እንዳሉ ይቀራሉ። ጠበብ ያለ ርዕስ ከፈለጋችሁ ጠበብ ተደርጎ የተሣለ ፎንት ፈልጉ። በጣም ወፍራም ከፈለጋችሁ ደግሞ እንደ አብሪል ፋትፌስ ያለ አለ፤ ግን ሁለትና ሦስት ቃል ይበቃዋል።

ኢታሊኩ ሲያምር ያሳሳል። አንድ ቃል ላይ ተውት።

ከመላካችሁ በፊት

ገጹን በእውነተኛ መጠኑ አትሙት። ስክሪን ላይ 200 ፐርሰንት አጉልቶ ማየት ነው እኔን ያሳተኝ። የቢሮ ፕሪንተር እንደ ማተሚያ ቤት አይደለም፣ ግን የሚጠፋ መስመር ካለ ብዙውን ጊዜ ይናገራል። ግድግዳ ላይ ለጥፉት። መጽሔት ከሆነ ከክንድ ርቀት፣ ፖስተር ከሆነ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ እዩት። ጽሑፉን የማያውቅ ሰው ጥሩና ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርጉት። የተደናቀፈበትን ቃል ምልክት አድርጉ።

በመጨረሻ ኢንዲዛይን ውስጥ ፎንት ፈልጎ የሚያወጣውን መስኮት ክፈቱ። የርዕሱ ፎንት የዋለበትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ እዩ። አንድ የተረሳ የፎቶ መግለጫ በ8 ፖይንት ዲዶን ተጽፎ ተደብቆ የሚገኘው እዚያ ነው።

ያንን የምሽት ገጽ በዓመቱ መጨረሻ፣ የተመረጡ ጽሑፎች አንድ ላይ ሲታተሙ፣ እንደገና የመሥራት ዕድል አገኘሁ። ርዕሱን አልነካሁትም። መግቢያውን ከፎቶው አወረድኩትና በነጭ መደብ ላይ በጥቁር፣ በዚያው ዲዶ በ11 ቅርጹ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው ቅጂ ሲመጣ ለጸሐፊዋ ወሰድኩላት። ቆማ የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ወደ ሁለተኛው ሄደች።